ሦስቴ ከጨበጥኩህ አቁም

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ፈጠራ ነው የምትሉ አትጠፉም። በሉ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው «ሽማግሌው ጃጅቷል» ብዬ ነበር... አሁን ግን እንደዚያ አልልም።

ነሐሴ 1970 ዓ.ም.። ማክሰኞ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

ቦታው ሀዋሳ፣ ያኔ አዋሳ የምትባለው፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለው ረግረግ ዳር።

ልብ በሉ፣ ሌሊት አይደለም። ጅብ የለም፣ ጨረቃ የለም፣ መብራት አልጠፋም። ጠዋት የዘነበው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ክፉ ነገር ሁሉ መሽቶ የሚመጣ የሚመስላችሁ ስላላችሁ ነው።

ሰውየው ደበሌ ይባላል። የነገረኝም እሱ ራሱ ነው። ለሌላ ሰው ሳይናገር ለእኔ ብቻ ለምን እንደነገረኝ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ደበሌ መናኸሪያው አጠገብ በነበረ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራው ጭቃ የዋጠውን መኪና ማውጣት ነው። በተለይ ላንድሮቨር። ላንድሮቨር የያዘ ሰው በአራቱም ጎማ ስለሚጎትትለት የማያልፈው ማጥ ያለ አይመስለውም። ዘሎ ይገባል። ከዚያ «ደበሌን ጥሩልኝ» ይላል። ደበሌ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚህ ትዕቢት ነበር።

አብሮት የሚሠራው ሙህዲን የሚባል ሾፌር ነው። ፊቱ ላይ ዊንች፣ ካቦ የሚባለውን የብረት ገመድ የሚጠቀልል መጎተቻ፣ የተገጠመለት አሮጌ ካሚዮን ይነዳል። ካሚዮኑ ደረቅ መሬት ላይ ይቆማል፣ ደበሌ የብረት ካቦውን ጫፍ ይዞ ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ ከላንድሮቨሩ ሥር አጎንብሶ ያስራል፣ እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ ሙህዲን ይጎትታል።

አንድ ልማድ ነበረው።

የአራቱንም ጎማ ሥር በባዶ እጁ ሳይዳብስ መኪና አያስጎትትም። አንድ ጊዜ ጭቃ ውስጥ የተደበቀ ጉቶ የአንዱን መኪና ዲፈረንሻል ሰብሮበት ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ጌታም ቢቆምበት፣ ዝናብም ቢያረጥበው፣ ይዳብሳል።

ኩማ የሚባል ልጅ ነበረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ሦስት ክረምት ከአባቱ ጋር ጭቃ ውስጥ ሠርቷል። ብዙ ጊዜ ከመኪናው ሥር የሚተኛው ኩማ ነው፤ ደበሌ ከላይ ሆኖ እጁን ይሰድለታል። ካሚዮኑ ሲጮኽ ግን ሰው የራሱንም ድምፅ አይሰማም።

ስለዚህ አባትና ልጅ በእጅ ይነጋገሩ ነበር።

ከሥር ያለው የላይኛውን የእጅ አንጓ ይይዛል። አንዴ ከጨበጠ፣ «ካቦውን ስጠኝ» ማለት ነው። ሁለቴ ከጨበጠ፣ «አስሬ ወጥቻለሁ፣ አስጎትት»።

ሦስቴ ከጨበጠ ግን... «አቁም። ሥር ነኝ።»

ሦስተኛዋ የመጣችው በኋላ ነው። ኩማ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ክረምት፣ ደበሌ ሳያይ አስጎትቶ ካቦው የልጁን የቀኝ እጅ አመልካች ጣት ከመሃል አንጓው ላይ ቆረጠው። የዚያን ቀን ማታ ሐኪም ቤት ደጃፍ ቁጭ ብለው ነው የተስማሙት። ኩማ እየሣቀ፣ በዚያ ሁሉ ሕመም እየሣቀ፣ «ሦስቴ ከጨበጥኩህ አቁም፣ አባዬ» አለው።

ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሙህዲንም አያውቅም። እናቱ ብርቅዬም አታውቅም።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ።

ኩማ ከታሰረ ሃያ ሦስት ቀኑ ነበር።

የታሰረበት ምክንያት ብትሰሙት ያሥቃችኋል። ብሎን የጠቀለለበት ወረቀት ነው። የአብዮት ጥበቃዎች ጋራዡን ሲፈትሹ ብሎኖቹን ዘርግፈው ወረቀቱን አነበቡ። ሕገወጥ ጽሑፍ ነበር።

«ከየት አመጣኸው?»

«ወድቆ አገኘሁት» አለ ኩማ።

ወረቀቱን ከጋራዡ በር ሥር አንሥቶ «በዚህ ጠቅልል» ብሎ የሰጠው ደበሌ ነበር። ደበሌ ማንበብ አይችልም። ልጁ ሲመታ እዚያው ቆሞ ነበር። አፉን ከፈተ... ዘጋው። ኩማ አንድ ጊዜ አየው። ከዚያ ዞር አለ።

እንግዲህ የደበሌን ልብ ከዚህ ገምቱት። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም። ልጁን ከማስፈታት በቀር በዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ብርቅዬ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ዕቃዋን ባዶውን መልሶላት፣ «ከነገ ጀምሮ አታምጪ» አላት።

እየሮጠች ጋራዥ መጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ጭቃ ይጠርጋል።

«ደበሌ! ሊፈቱት ነው! ስንቅ አታምጪ አሉኝ!»

ደበሌ የሷን ፊት አይቶ ደስ አለው። ሙህዲን ግን ፊቱን አዙሮ ካሚዮኑን መጥረግ ጀመረ። ካሚዮኑ ንጹሕ ነበር።

ስንቅ አታምጡ ማለት እስረኛው አለቀለት ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የነበረ ሁሉ ያውቃል። እነሱም ያውቁ ነበር። ግን በራስ ልጅ ሲመጣ ሰው የሚያውቀውን አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጥበቃ ጠመንጃ አንግቶ ጋራዡ ደረሰ።

«ደበሌ ማነው? ላንድሮቨር ገብቶብናል። ተነሣ።»

ሄዱ።

ላንድሮቨሩ ከመንገዱ ስድሳ እርምጃ ያህል ገብቶ ማጡ ውስጥ ተቀርቅሯል። ጎማዎቹ አይታዩም። አጠገቡ ሦስት ጥበቃዎችና አንድ ካድሬ ቆመዋል። ካድሬው ገብረጻድቅ ይባላል፤ የሰፈር ልጅ ነው። ትንሽ ሳለ ብስክሌቱን እየገፋ ሲመጣ ደበሌ ነፋስ ይሞላለት ነበር። አሁን ሽጉጥ ታጥቋል። አነጋገሩ ግን አልተለወጠም፤ ያው ጨዋ ነው።

«ጋሼ ደበሌ፣ መጡልን?»

«ምን ልትሠሩ ነው እዚህ የገባችሁት?»

«ሥራ ነበረን።»

ደበሌ ላንድሮቨሩን አየው። አፍንጫው ወደ መንገዱ ነው፣ ጀርባው ወደ ውሃው። ስለዚህ ሲገባ አልነበረም የሰጠመው። ገብቶ... ጨርሶ... ሲመለስ ነው።

የኋላው ሸራ ተገልጧል። ውስጡ ባዶ ነው። አምስት አካፋ ብቻ ተጋድሟል። አካፋዎቹ ታጥበዋል።

ጥበቃዎቹ ደግሞ እስከ ደረታቸው ጭቃ ናቸው። መኪና ለመግፋት የገባ ሰው እስከ ወገቡ ነው ጭቃ የሚነካው።

ሙህዲን ካቦውን እየፈታ ተጠጋውና በሹክሹክታ፣

«ደበሌ...»

«ምን?»

«አባ ኮዳ እዚህ ምን ይሠራል?»

ደበሌ ቀና አለ።

እውነት ነው። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ያለው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ነው፣ ዓሣ አጥማጆቹ የዓሣ አንጀት የሚጥሉበት። ሰውም እዚያው ነው የለመዳቸው። እዚህ ረግረግ ላይ ዓሣ የሚጥል የለም። ግን አርባ ያህል ይሆናሉ፣ ቄጠማው ውስጥ ቆመዋል። አይበሉም። አይንጫጩም። ሁሉም ወደ ላንድሮቨሩ ነው የሚያዩት።

«ዝም በል» አለ ደበሌ።

ገብረጻድቅ መጥቶ ትከሻውን ያዘው።

«ጋሼ፣ ማታ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል። ይህች መኪና ናት የምትቀበለው። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መንገድ ላይ ከቆመች...»

ገብረጻድቅ ሰዓቱን አየ።

«ኩማ ዛሬ ራቱን ቤቱ ይበላል።»

ደበሌ እጁን ሊስምለት ጎንበስ ሲል ገብረጻድቅ ቀና አደረገው።

«ምን ሲሉ፣ ጋሼ። ነውር ነው።»

«የት ነው... አሁን የት ነው ያለው?»

«ቅርብ ነው።»

ደበሌ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ካቦውን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ።

ይህን ማጥ ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ሰዶበት መጨረሻ አላገኘለትም። በዚህ ቦታ ሰው ከወገቡ በላይ ይሰጥማል። ለዚህም ብሎ ገመድ ወገቡ ላይ አስሯል።

እስከ ጭኑ ገባ። እስከ ወገቡ ገባ። ላንድሮቨሩ አጠገብ ሲደርስ...

ጭቃው ወደ ጉልበቱ ወረደ።

እግሩ አንድ ነገር ረግጧል።

ድንጋይ አይደለም። ሥርም አይደለም። ትንሽ ይለሰልሳል... ግን ይሸከማል። አንድ እርምጃ ጨመረ። አሁንም አለ። ሌላ እርምጃ። አለ።

ዞሮ ጥበቃዎቹን አያቸው። ትንሹ ጥበቃ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሣ።

«ምን ትገተራለህ? ቶሎ በል!» አለ ሌላው።

ደበሌ ተንበረከከ። የቀኝ የፊት ጎማ። እጁን ሰደደ። ጭቃ፣ ጭቃ፣ ከዚያ... ጆንያ የመሰለ ነገር። ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። ጎትቶ አላቀቀው።

የግራ የፊት ጎማ። ገመድ። ጫፉ ቋጠሮ ነበረው፣ ቋጠሮው ጥብቅ ነው።

«ጋሼ፣ መዳበሱ ለምን አስፈለገ?» አለ ገብረጻድቅ ከደረቁ ላይ። «ዝም ብለው ካቦውን ይሰሩና ይውጡ።»

«ጉቶ ካለ ዲፈረንሻሉን ይሰብረዋል።»

«ጉቶ የለም።»

«ልማዴ ነው፣ ጓድ።»

ወደ ኋላ ዞረ። የግራ የኋላ ጎማ። ጉንጩን ጭቃው ላይ አስተኝቶ የግራ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰደደ።

ጭቃው ይቀዘቅዛል። ነሐሴ ነው፣ አጥንት ይገባል።

ጣቱ አንድ ነገር ነካ።

ይሞቃል።

ደበሌ አልተንቀሳቀሰም። መተንፈስም አቆመ።

የሚሞቀው ነገር ተላወሰ። በመዳፉ ላይ አለፈ... አንጓውን ፈለገ... አገኘው... ያዘው።

እጅ ነው።

ሩቅ ላይ የካሚዮኑ ሞተር ይንደቀደቃል። ደበሌ ግን የሰማው የራሱን ልብ ብቻ ነበር።

እጁ ጨበጠው። አንድ ጊዜ።

ለቀቅ አደረገ።

ሁለት ጊዜ።

ለቀቅ አደረገ።

ደበሌ እግዚአብሔርን ለመነ። እዚህ ላይ ይብቃ አለ። ሁለት ይሁን፣ ሁለት ይሁን፣ እባክህ ሁለት ይሁን...

ሦስት ጊዜ።

«ምን አገኙ፣ ጋሼ?»

ገብረጻድቅ ጭቃው ዳር መጥቶ ቁጢጥ ብሏል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ሽጉጡ ግን ከወገቡ ወጥቶ ጉልበቱ ላይ ነው።

ደበሌ በአንጓው ላይ ያሉትን ጣቶች እየቆጠረ ነበር። ሦስቱ ይዞራሉ። አንዱ ግን አይደርስም። አንዱ አጭር ነው።

እዚህ ላይ ምን እንዳሰበ ጠይቄዋለሁ። ሳይደብቅ ነገረኝ። «ካቦ ጣት የሚቆርጠው የኔን ልጅ ብቻ ነው ወይ? ብዬ አሰብኩ» አለኝ። «ኩማ እስር ቤት ነው። ዛሬ ስንቅ አታምጡ ብለዋል፣ ሊፈታ ነው። ካድሬው ቃል ሰጥቶኛል። ይህን ሰው አወጣለሁ ብል እኔንም እሱንም እዚሁ ይጥሉናል፤ ልጄም አይፈታም። ይህ የሌላ ሰው ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ።»

«ሦስቱስ?» አልኩት። «ሦስት ጊዜ የጨበጠህስ?»

አለቀሰ።

«ጋሼ» አለ ገብረጻድቅ በቀስታ። «ምን አገኙ?»

«ጉቶ» አለ ደበሌ።

«ጉቶ ከሆነ መኪናው ይረግጠዋል። ይሰሩት።»

እጁ እንደገና ጨበጠ። አሁን ፈጠን ፈጠን አለ። ሦስት። ሦስት። ሦስት።

ደበሌ ቀኝ እጁን ጭቃው ውስጥ ሰደደ። የያዙትን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀ፣ ሕፃን የጨበጠውን ፀጉር እንደሚያስለቅቁት ቀስ አድርጎ። ትንሿን ጣት። የቀለበቷን። የመሃሏን። አራተኛዋ አላስቸገረችውም፣ አጭር ነበረች።

ካቦውን በመኪናው ሥር ካለው ብረት ላይ አሰረ። ተነሣ። ወደ ጎን ሄደ።

እጁን ወደ ላይ አነሣ።

ካቦው ተወጠረ። ላንድሮቨሩ አቃሰተ። አልወጣ አለ፣ አልወጣ አለ፣ ከዚያ ማጡ በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ሲሄድ የኋላው የግራ ጎማ አንድ ነገር ላይ ወጣ... ጥቂት ቆመ... ወረደ።

ድምፅ ነበረው። ድምፁን ግን አልጽፈውም። ደበሌ ለእኔ በአፉ አስመስሎ አሰምቶኛል፣ እናንተ ይቅርባችሁ።

ያን ጊዜ አርባዎቹ አባ ኮዳዎች በአንድ ላይ ተነሥተው ወደ ሐይቁ ሄዱ።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ላንድሮቨሩ መንገድ ላይ ቆሟል። ገብረጻድቅ መሐረቡን አውጥቶ ለደበሌ ሰጠው።

«እጅዎን ይጥረጉ። ጉቶው ተሰበረ አይደል?»

ደበሌ መሐረቡን ይዞ ቆመ።

«ልጅዎ ከእርስዎ ቀድሞ ይገባል» አለ ገብረጻድቅ መኪናው ውስጥ እየገባ። «እኔ ቃሌን እጠብቃለሁ።»

ሄዱ።

ሙህዲን ካሚዮኑን ወደ ጋራዡ መለሰ። በሩ ላይ ሲለያዩ፣

«ጉቶ ነበር እንዴ?» አለው።

«ጉቶ ነበር» አለ ደበሌ።

ሙህዲን በማግስቱ ሥራውን ለቆ ወደ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

ደበሌ ቤቱ የደረሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ብርቅዬ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እልል እንዳትል ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃለች። እንባዋ ይወርዳል። በእጇ ወደ ውስጥ ታመለክታለች።

ኩማ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ደበሌ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። ከዚያ በጉልበቱ እየሄደ ልጁን አቀፈው። አሸተተው። ሃያ ሦስት ቀን እንደታሰረ ሰው አይሸትም። ሳሙናም አይሸትም። ምንም አይሸትም።

«ልጄ... ልጄ... መቼ ፈቱህ?»

«ቅድም» አለ ኩማ።

«በምን መጣህ?»

«በእግሬ።»

ደበሌ የልጁን ጫማ አየ። ነሐሴ ነው። ከተማው በሙሉ ጭቃ ነው። ጫማው ላይ አንዲት ጠብታ የለም።

ብርቅዬ ራት አቀረበች። ኩማ እጁን ታጠበና ቆርሶ መብላት ጀመረ። ሲበላ ደበሌ አላኘከም። የልጁን ቀኝ እጅ ብቻ ያያል።

ትንሿ ጣት አለች። የቀለበቷ አለች። የመሃሏ አለች።

አመልካቿም አለች።

ሙሉ ናት። ጥፍር አላት። ጥፍሯ ንጹሕ ነው።

ደበሌ እንደምንም ብሎ እጁን ዘረጋና የኩማን አንጓ ያዘ። ጨበጠው። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

ኩማ መብላቱን ትቶ አየው። ፈገግ አለ።

«ምነው አባዬ? በረደህ?»

ደበሌ ተነሥቶ ወጣ። ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ ብርቅዬ ተከትላው መጣች። ክንዱን ይዛ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«አይቻለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«ብርቅዬ... ጣቱ...»

«አይቻለሁ አልኩህ! ቅድም ገና ሲገባ አይቻለሁ።»

«እና ማነው እሱ?»

ጥፍሮቿ ክንዱ ውስጥ ገቡ።

«ልጄ ነው። ሁለተኛ አፍህን ከፍተህ እንዳትቆጥር። ሰምተሃል? ልጄ መጥቷል።»

ከዚያ ገብታ ወጥ ጨመረችለት።

ደበሌ ከዚያ ቀን በኋላ ጭቃ አልገባም። ጋራዡ ውስጥ በዘበኝነት ኖረ። ወደዚያ ረግረግ ሄዶ ቆፍሮ እንዲያይ ሁልጊዜ ያስባል፤ ሁልጊዜ ይተዋል። ባያገኝስ? ቢያገኝስ? ቤት ያለውን ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይጥራው?

በግራ አንጓው ላይ ግን ምልክት ቀረበት። ሦስት ረጃጅም መሥመር፣ አንድ አጭር። የጣት ምልክት ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ይጠቁራል፣ መስከረም ላይ ይደበዝዛል።

ቤት የመጣው ልጅ አደገ፣ ሥራ ያዘ፣ ሚስት አገባ። ጥሩ ሰው ነው። ሰው አይመታም፣ አይሰክርም፣ አይቆጣም። ልጅ ወለደ።

ልጁ እኔ ነኝ።

አዎ። ኩማ አባቴ ነው። ደበሌ አያቴ።

ስለዚህ አትምከሩኝ። «ተወው፣ የሽማግሌ ቅዠት ነው» ያላችሁኝ እንደሆነ፣ እኔም ይህን ከእናንተ በላይ ማመን እፈልጋለሁ። የአባቴን ጣቶች ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አሥር ናቸው። በእነሱ ተይዤ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት።

አያቴ ይህን የነገረኝ በመጨረሻው ዓመቱ ነው፤ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ አባ ኮዳዎቹን እያየ። «ለሌላ ሰው አልተናገርኩም» አለኝ። «ለአያትህም የጭቃውን ነገር አልነገርኳትም። አንተ የማን ልጅ እንደሆንክ ማወቅ አለብህ።»

በሚቀጥለው ነሐሴ ሞተ።

አስከሬኑን የምናጥበው እኔና አባቴ ነበርን። ሌሎቹ ውጪ ድንኳን እየተከሉ ነው። ቀን ነበር፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ፀሐይ በደንብ ትገባለች። ከመናኸሪያው የአውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማኛል።

እኔ እግሩን ሳጥብ አባቴ የግራ እጁን አነሣ። ምልክቱ ጠቁሮ ነበር። እንደዚያን ያህል ጠቁሮ አይቼው አላውቅም።

አባቴ ምልክቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

ከዚያ ቀኝ እጁን አምጥቶ ላዩ ላይ አስቀመጠ። ጣት በጣት። ትንሿ ገጠመች። የቀለበቷ ገጠመች። የመሃሏ ገጠመች።

አመልካቿ አለፈች። ረዘመች።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል አመልካች ጣቱን ከመሃል አንጓዋ ላይ ወደ ውስጥ አጠፋት።

ልክ ገጠመች።

እና የሞተውን ሰው አንጓ ጨበጠ። አንዴ...

ሁለቴ...

ሦስቴ።